ውልብልቢቱ ወይስ መቀመጫው

አውሮፕላን መሥራት ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም ብዬ አዳምጣቸዋለሁ። ከባድ አይደለም። እንጨት ይጠረባል፣ አቡጀዲ ይወጠራል፣ ሞተር ይታሰራል፣ አለቀ። ከባዱ፣ አውሮፕላኑ ከወደቀ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መፍረድ ነው። ለዚህ መሐንዲስ አይበቃም። እኛ አዳማ ላይ ቀበሌ ሰብስበን፣ እጅ አስወጥተን፣ ድምፅ ቆጥረን ነው የፈረድነው።

እኔ አናጢ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሲመጣም የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ። በዚያ ላይ የሰፈራችን ዕድር ንብረት ጠባቂ ነበርኩ። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረት፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ የሚቀመጠው እኔ ግቢ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ እኔ አንገት ላይ። ሰው ሲሞት ከቄሱም ከሼሁም በፊት የሚንኳኳው የኔ በር ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ይወደኝ ነበር። ባይወደኝም አይጣላኝም፤ ድንኳን የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጋሽ ይልማ ጎረቤቴ ናቸው። በዐሥር ዓመት ይበልጡኛል። መካኒክ ነበሩ፤ የሳቸውን ጋራዥና የኔን እንጨት ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በወጣትነታቸው የአውሮፕላን ሞተር በሚፈታበት ቦታ ሠርተዋል ይባላል፤ እሳቸውም አይክዱም። ጠባያቸው ወርቅ ነው፣ አይጠጡም፣ የሰው ዕቃ አይለውጡም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ ዕድር አልገቡም። ቀብር አይወጡም፣ ልቅሶ አይደርሱም። ለምን ሲባሉ፣ «የሞተ ሰው እኔ ስለሄድኩ አይነሳም፤ የሞተ ሞተር ግን ይነሳል» ይላሉ። እኔ እስቅ ነበር። ሰፈሩ ግን አልሳቀም። ሰፈር ቀብር ያልመጣለትን ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ይይዝለታል እንጂ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ መኪና ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ አንድ የውጭ አገር ኤክስፐርት ለጥገና ያስገባትን ትንሽ የጃፓን መኪና እሳቸው ጋራዥ ጥሎ አገሩ ገባ። የመኪናዋ ሞተር ፒስተን የለውም። ሆዱ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ሲሽከረከር ይውላል፤ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። የአዳማ መካኒክ ሁሉ እየመጣ ገልጦ አየና «ይሄ ሞተር አይደለም፣ የቡና መፍጫ ነው» እያለ ሄደ። ጋሽ ይልማ ግን ወደዱት።

«ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እንደ እብድ ይሽከረከራል» አሉኝ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፈው። «ይሄ ለመሬት የተፈጠረ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ተፈጠረ?»

«ለሰማይ ነዋ!»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው ብዬ ሳቅኩባቸው። ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። በሳምንቱ እኔው ራሴ ውልብልቢት ስጠርብ ተገኘሁ። ውልብልቢት አይታችሁ እንደሆነ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ የሚሽከረከረው፣ አየሩን እየቀዘፈ የሚጎትተው ባለ ሁለት ክንድ እንጨት ነው። እንጨቱ የኔ፣ ብረቱ የሳቸው ሆነ። ለምን ገባሁበት? እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያን ጊዜ የማይሰበሰብ፣ የማይፈከርበት፣ ቃለ ጉባኤ የማይያዝበት ነገር መሥራት አምሮኝ ነበር።

አልቆየም። አውሮፕላን ከቆርቆሮ አጥር በላይ ጭራው ይታያል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ጓድ ደምሴ ይባላል። ዛሬ ነው «ይባላል» የምለው፤ ያኔ «ይባላሉ» ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ፎቶ ቤት ውስጥ ሰውን «ቀና በል፣ ፈገግ በል» እያለ ይኖር ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ቀና ያለ ሰው አይወድም። አውሮፕላኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። ወደ ጠላት መኮብለያ ነው ቢል ማን ይመልሰዋል?

«ለአብዮት በዓል ይደርሳል?» አለ።

ጋሽ ይልማ ስለ ሞተር ዋሽተው አያውቁም። «ብረት ከተገኘ ይደርሳል፤ የሞተሩ መቀመጫ ይቀረናል» አሉ። መቀመጫ የሚሉት ሞተሩን ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር አቅፎ የሚይዘውን ብረት ነው። ቱቦ ይፈልጋል። ቱቦ ደግሞ በዚያን ዘመን በገንዘብ አይገኝም፤ በወረፋም አይገኝም።

ጓድ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «ዕድራችሁ የድንኳን ብረት የለውም?»

«አለው ጓድ ሊቀ መንበር። ግን ሰው ሲሞት…»

«ማን ሞተ?» አለ።

እዚህ ላይ ለልጆች ማስረዳት አለብኝ። ያ ዓመት ሰው የሞተበት ዓመት ነው፤ እንደዚያ ሞቶም አያውቅ። ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ መንገድ ዳር የጎረቤታችሁን ልጅ ታገኙታላችሁ፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ግን «ሞተ» አይባልም። ማልቀስ ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል፣ ድንኳን መትከል ክልክል። ሰው በብዛት ባለቀበት ዓመት የኔ ድንኳን አቧራ ጠጣ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ አበበች የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ያጡት በዚያው ሰሞን ነው። ድንኳኑ ከደጃቸው ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ አውጥቼ ልተክልላቸው አልቻልኩም። እሳቸውም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ስብሰባ ወጡ፣ አጨበጨቡ። የማያጨበጭብ ሰው የቀረ ልጁንም ያጣል።

«ማንም አልሞተም ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

መቀመጫው በዚህ ሁኔታ ከድንኳን ብረት ተሠራ። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ሞተሩን ከገላው ጋር ግጥም አድርጎ የያዘ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ እኔ ጭራውን ይዣለሁ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ከክንፉ ሚስማር እየተነቀለ ወረደ፤ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያሰጣው በርበሬ ሁሉ መሬት ገባ። «ጠነከረ» አሉ ጋሽ ይልማ። ሁለተኛ ጊዜ ከጭነት መኪና ጎማ ወፋፍራም ቁራጭ ቆርጠው በብረቱና በሞተሩ መሃል አስገቡበት። አሁን ደግሞ ሞተሩ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ቺንጋውን ጣለው። ቺንጋው ወፍጮ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ያ እብድ ሞተር በራሱ ፍጥነት ውልብልቢቱን እንዳያዞረው ፍጥነት መቀነሻ አድርገውት ነው። ቺንጋው በአጥሩ ላይ ዘሎ መጥቶ ጠረጴዛዬን ገረፈ። «ለሰለሰ» አሉ።

የኔም እንጨት ከዚህ አይሻልም ነበር። የመጀመሪያውን ውልብልቢት ጥምዝማዜውን አበዛሁት፤ ሞተሩ ሊያዞረው ታግሎ ታግሎ እንደታነቀ ሰው አስሎ ጠፋ። ሁለተኛውን ጠፍጣፋ አደረግኩት፤ ሞተሩ ደስ ብሎት ጮኸ፣ ነፋስ ግን የለም። ጋሽ ይልማ ሳይለኩ አያምኑም። የአውሮፕላኑን ጭራ ከግራሩ ግንድ ጋር በገመድ አስረው፣ ገመዱ መሃል ላይ ከእህል ነጋዴ የተዋሱትን የማንጠልጠያ ሚዛን አስገቡ። ሞተሩ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚጎትት ሚዛኑ ይናገራል። አንደኛው እንደ ፍየል ጎተተ። ሁለተኛው እንደ ፍየል ግልገል።

በየቀኑ ሻይ ላይ የምንጨቃጨቀው ስለዚህ ነበር። ውልብልቢቱ ነው ይሉኛል፤ መቀመጫው ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው እንጨቴን ይሰድባሉ፣ እኔ ብረታቸውን እሰድባለሁ። በዚያ ዘመን ሰው አንገቱን ሳይፈራ የሚከራከርበት ነገር ይሄ ብቻ ስለነበረ ጣመን። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እኛ አንበርድም።

ከጭቅጭቁ ሁሉ የሚያሸንፉኝ በአንድ ነገር ነው። «ሚስማር ላይ ስቀለው» ይላሉ። ውልብልቢት ተጠርቦ ሲያልቅ መሃል ቀዳዳው ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ከከበዱ ባቆማችሁት ቦታ ይቆማል፤ አንዱ ከከበደ ወደ ታች ይወርዳል። እኩል ያልሆነ ውልብልቢት ሲሽከረከር ሞተሩን ይመታዋል፣ ሞተሩ መቀመጫውን ይመታዋል፣ መቀመጫው የሚመታው ሲያጣ ይሰበራል። አገርም የሚሰበረው እንዲሁ ነው፤ ግን የአናጢ ነገር አናውራ። ሁለቱን ውልብልቢቶች ሰቅያቸዋለሁ። ቆመዋል። ክፋታቸው ሌላ ነበር።

ጓድ ደምሴ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ ያዘናል። ቀይ ይቀባ አለ፤ ቀባነው። አልደመቀም፣ ይደገም አለ፤ ደገምነው። ቀለም ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ በጣውላ የተጻፈ ሁለት ክንድ የሚሆን መፈክር ከሆዱ ሥር ይንጠልጠል አለ። ጋሽ ይልማ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መፈክሩ ከባድ ነው። በዚህ መፈክር አይነሳም።»

አንደኛው አብዮት ጠባቂ ሲጋራውን ጣለ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የሳቸው ሲከፈት የሚታየው ሞተር ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ጣውላው ማለታቸው ነው! ጣውላው ነው የከበደው፤ መፈክሩ ቀላል ነው!» አልኩ። ይህም ደስ የሚል አልሆነም። ጓድ ደምሴ ሁለታችንንም ረዘም አድርጎ አየንና «በጨርቅ ጻፉት» ብሎ ሄደ።

ሦስተኛው መቀመጫ ተሳካ። ጋሽ ይልማ ከመኪና ጭቃ መከላከያ ላስቲክ ቀጫጭን ክብ ቆርጠው፣ በየቡሎኑ ሥር አስገብተው፣ ጠንካራም ለስላሳም ያልሆነ ነገር አገኙ። ሞተሩ ተረጋጋ። እኔም ሦስተኛውን ውልብልቢት ጀመርኩ። ከዋንዛ ነው። በግራው ክንድ ሥር አንጓ፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ቋጠሮ፣ ነበረበት፤ አየሁት፣ ጌጥ ይሆነዋል ብዬ አለፍኩት። ጠርቤ ሳልጨርስ ሙከራው በሦስት ቀን እንዲፈጥን ታዘዘ። ቦታውም ከአዳማ ራቅ ያለችው ዓለም ጤና ሆነች፤ ጓድ ደምሴ የተወለደው እዚያ ነው፣ ለአገሩ ሰው ሊያሳይ ቸኩሏል።

የጉዞው ቀን ጠዋት የጭነት መኪናው ደጃችን ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ጓድ ደምሴ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ የመጨረሻውን ብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ነበር። ጋሽ ይልማ ቡሎን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«ሰቅለኸዋል?»

«ሰቅያለሁ» አልኩ።

አልሰቀልኩም። ሃያ ዓመት በር ሠርቼ አንድም በር ሚስማር ላይ ሰቅዬ አላውቅም የሚል ትዕቢት ነበረብኝ። ጓድ ደምሴም ሰዓቱን እያየ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንዳስዋሸኝ እስካሁን አላውቅም። ጋሽ ይልማ አመኑኝና ገጠሙት።

ዓለም ጤና ደረስን። ሁለት መኪና ሙሉ የሰፈራችን ሰው «የሕዝቡን አውሮፕላን» እንዲያይ ተጭኖ መጥቷል፤ እትዬ አበበችም አሉበት። ሜዳው የሽንኩርት ማሳ ነው፤ ተለቅሞ ዳር ላይ እንደ ጎጆ ተከምሯል። ያልተጫነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሊጭነው የነበረው መኪና እኛን ጭኖ ስለመጣ ነው። የገበሬዎቹ ሽማግሌ ኦቦ ገመዳ ከዘራቸውን ይዘው መጡና አውሮፕላኑን አዩት።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ነው ኦቦ።»

«ሽንኩርት ይጭናል?»

«አይጭንም።»

«ኢሺ፣ ይብረር። መኪናውን ግን መልሱልን፤ ፀሐይ ወጣበት።»

ክንፉን ገጠምን። ጋሽ ይልማ የሞተር ብስክሌት ቆብ አድርገው ገቡ። ውልብልቢቱን በእጄ ገፍቼ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ ጮኸ። አውሮፕላኑ እየተንገዳገደ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከዚያ ጎማው አቧራ ማንሳት አቆመ። ከመሬት ለቀቀ! አንድ ሰው ቁመት፣ ከዚያ ሁለት ሰው ቁመት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ማንም ሳያዘው አጨበጨበ። እኔ እንደ ልጅ ዘለልኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት በርና መስኮት ሁሉ በዚያች ጊዜ የበለጠ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ብክድ ውሸት ነው።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ዱብ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። አፍንጫው ተንቀጠቀጠ። አንዱ የድንኳን ብረት ሲበጠስ እኛ ድረስ ተሰማ፤ ሞተሩ ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ፤ አውሮፕላኑ ዞረና የሽንኩርቱ ክምር ላይ በአፍንጫው ገባ። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ውልብልቢቱ ያንን ሁሉ ሽንኩርት ይከትፈው ጀመር። የዓለም ጤና ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሽንኩርቱን ጭማቂ አንስቶ ሕዝቡ ላይ አዘነበው።

ጋሽ ይልማ ግንባራቸው ከማበጡ በቀር ደህና ሆነው ወጡ። ሌላው ሰው ግን ሁሉም አለቀሰ። አብዮት ጠባቂው አለቀሰ፣ ኦቦ ገመዳ አለቀሱ (እሳቸው ለሽንኩርቱም ጭምር)፣ ጓድ ደምሴ በመሀረብ ዓይኑን እየጠረገ «ተረጋጉ! ተረጋጉ!» ይላል። መጀመሪያ ላይ ተሳሳቅን። ከዚያ እትዬ አበበች መሬት ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አወረዱና ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ ልቅሶ ላይ እንደሚታሰረው። ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! ወይኔ ልጄን!» አሉ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ቀረበና «ምን ያስለቅስዎታል?» አላቸው። ቀና ብለው አዩት። «ሽንኩርቱ ነው ልጄ» አሉት። ለሽንኩርት ያን ያህል አይለቀስም። ሌሎች እናቶችም መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም፤ ከልካዩም እያለቀሰ ነበራ። ያ የሰፈራችን ልቅሶ ነበር። ድንኳኑ ብቻ ጎደለ፤ ብረቱ ተጣሞ ሞተር ላይ ተንጠልጥሏል።

ጓድ ደምሴ ሞኝ አይደለም። እንባው የሽንኩርት ብቻ እንዳልሆነ ገባው። በሽንኩርት ያለቀሰን ሕዝብ ማሰር አይቻልም፤ አውሮፕላን የጣለን ሰው ግን ይቻላል። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የተጣመመው መቀመጫና ውልብልቢቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል። ውልብልቢቱን ሽንኩርት ምን ያደርገዋል? ሁለቱም ጫፍ ቀለሙ ተላጠ እንጂ አልተሰበረም። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ይጠብቃል። ጓድ ደምሴ «እስቲ ባለሙያዎቹ፣ ለምን ወደቀ?» አለ፤ በጣም ለስለስ ብሎ።

እዚህ ላይ እኔና ጋሽ ይልማ የሠራነውን ሞኝነት ሌላ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። የት እንዳለን ረሳን። ሁለት ወር ሻይ ላይ የተከራከርነውን ክርክር እዚያው ቀጠልነው።

«መቀመጫው ተበጠሰ፤ ይኸው ይታያል!» አልኩ።

«መበጠሱማ ተበጠሰ። የበጠሰው መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡ ከየት መጣ?» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ከሚወዛወዝ ሞተር ነዋ! ጎማው ለሰለሰ!»

«ላስቲኩ ልክ ነበር። ሽንኩርት ውስጥ እንኳ ሞተሩ አልጠፋም። ውልብልቢትህ ነው።»

«የኔ ውልብልቢት ባይኖር ከመሬት ባልተነሱ!»

«ሰቅለኸዋል ወይ?»

«ሰቅያለሁ!»

«ዓይንህ እያየ ቆመ?»

«ዓይኔ እያየ! ቀጥ ብሎ!»

ሕዝቡ ይስቅ ነበር። እኔም እያሸነፍኩ መሰለኝ። የጸሐፊው ብዕር ሲሮጥ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጓድ ደምሴ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ጥሩ» አለ። «እንግዲህ እናንተው ራሳችሁ አንዳችሁ ሌላውን አጋልጣችኋል። ከሁለታችሁ አንዱ አሻጥረኛ ነው። የትኛው እንደሆነ ሰፊው ሕዝብ ይወስን።»

ጋሽ ይልማ ያኔ ነቁ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ የሙያ ክርክር ነው። በየቀኑ እንዲሁ እንባባላለን። አሻጥር የለበትም» አሉ። ጸሐፊው ይህን አልጻፈም። እኔ በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ማለት እችል ነበር፤ «አልሰቀልኩትም» ማለት። አላልኩም። ያለፈው ዓመት አሻጥረኛ የተባለው ሰው የት እንደተገኘ ሁላችንም አይተናል።

«ጥፋቱ የውልብልቢቱ ነው የምትሉ!»

ሦስት እጅ ወጣ። ሁለቱ የጋሽ ይልማ ደንበኞች የሆኑ ሾፌሮች ናቸው።

«የመቀመጫው ነው የምትሉ!»

አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ከመካከላቸው ስለ ሞተር የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ አላሰቡትምም። የአባታቸው ቀብር ላይ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ነው ያሰቡት። ድንኳናቸውን የሚተክል ሰው በአንድ በኩል ቆሟል፤ ልቅሶ ደርሶ የማያውቅ ሰው በሌላ በኩል። እትዬ አበበች የተጣመመውን የድንኳን ብረት እያዩ እጃቸውን አነሱ። ለልጃቸው ሳይተከል የቀረው ብረት ነው፤ ብረቱን የወሰደውን ሊቀ መንበር ሊቃወሙ አይችሉም፣ ብረቱን ያጣመመውን መካኒክ ግን ይችላሉ። የኔም እጅ ወጣ፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ። ጋሽ ይልማ ለሁለቱም እጃቸውን አላወጡም።

«ሳይለካ አይታወቅም» አሉ።

እሳቸው ታሰሩ። መቀመጫውም ማስረጃ ተብሎ አብሯቸው ታሰረ። ውልብልቢቱ ግን በድምፅ ብልጫ ነጻ ወጥቶ በክብር ለእኔ ተመለሰ፤ የተቀበልኩበት ፊርማ አለ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ሰላምታ መለስኩ፣ ቤቴ ገባሁ፣ እንጨት ቤቴን ከውስጥ ቆለፍኩ። ሚስማር መታሁ። ሰቀልኩት።

እጄን ገና ሳለቅ ግራው ክንድ ወረደ። እንደገና አቆምኩት፤ እንደገና ወረደ። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሽንኩርት እንጨት አያከብድም። አንጓው ነው።

እዚህ ላይ ታማኝ ሰው ቢሆን ውልብልቢቱን ተሸክሞ ቀበሌ ይሄድ ነበር። ደካማ ሰው ቢሆን ደግሞ ይሰብረውና ያቃጥለው ነበር። እኔ አናጢ ነኝ፤ የተንጋደደ ነገር ሳይ እጄ ዝም አይልም። መላጊያዬን አነሳሁ። አንጓውን ከጀርባው ትንሽ ትንሽ እያልኩ ላግኩት፣ ሰቀልኩት፣ ላግኩት፣ ሰቀልኩት። አመሻሹ ላይ ባቆምኩት ቦታ ሁሉ የሚቆም ውልብልቢት ሆነ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ብርጭቆ ወረቀት ሰጠሁት፣ ቀለሙንም መለስኩለት።

ጋሽ ይልማ በስምንት ወራቸው ተፈቱ። ለምን እንደተፈቱ አልተነገራቸውም፤ ያኔ መታሰርም መፈታትም ምክንያት አይጠየቅበትም። ከስተው፣ ፂማቸው ነጭ ሆኖ፣ ወደ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ የኔ እንጨት ቤት መጡ። ተሳሳምን። ወንበር አወጣሁላቸው፤ አልተቀመጡም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

«አለ?» አሉኝ።

አወረድኩላቸው። ቀዳዳውን ሚስማሩ ላይ ለማግባት ሁለት ጊዜ ሳቱ። ግራውን ወደ ላይ አድርገው ለቀቁት። ቆመ። ቀኙን ወደ ላይ አደረጉ። ቆመ። አግድም አደረጉት። ቆመ። እሳቸው ውልብልቢቱን አዩ፤ እኔ ግን መሬቱ ላይ ያለውን ፍቅፋቂ አየሁ።

«የኔ ነበር ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ላስቲኩን አሳስቼው ነበር። ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ ከእንግዲህ የሰው ሕይወት የሚይዝ ሞተር አልነካም።»

አልነኩምም። ጋራዡን ሸጡት።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ በአቅራቢያችን ሽንኩርት አልነበረም።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ተኝቼ በልቤ አንተን ስከስ ነበር። ዋሽቷል፣ አልሰቀለውም ስል ነበር። በሐሰት ጠርጥሬሃለሁ። ለእግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

ይቅር አልኳቸው።